«ሰው ይሞታል?»፦ «ማርም ሲበዛ ይመራል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ማርም ሲበዛ ይመራል» በሚል ርእስ የወጣውን ሂስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ንባብ ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ አቆይቼው ነበር፤ አልበረደም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። ጸሐፊው የሚተቹት በእንግሊዝኛ በብዛት የሚታተሙትን፣ ሁለት ወንዶች ተዋውቀው፣ ተዋደው፣ ያለ ብዙ ሰቆቃ ጎጆ የሚቀልሱባቸውን ለስላሳ የፍቅር ልብ ወለዶችና ኖቬላዎች (አጠር ያሉ ልብ ወለዶች) ነው። ክሳቸው አምስት ነው። ግጭት የሌለበት ታሪክ ልብ ወለድ አይባልም፤ መጨረሻው ከሽፋኑ የሚታወቅ መጽሐፍ የሚነበብ ነገር የለውም፤ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን እውነተኛ መከራ ሸፍኖ ዓለምን በስኳር የሚቀባ ጽሑፍ ውሸታም ነው፤ አብዛኞቹን የሚጽፉት ሴቶች ስለሆኑ ነገሩ የጎረቤትን ቤት በመጋረጃ ቀዳዳ እንደማየት ይቆጠራል፤ አንባቢውም ከኑሮ የሸሸ ሰው ነው። መዝጊያቸው ላይ ደግሞ «ካነበባችሁት በኋላ ከአእምሯችሁ ያልጠፋ አንድ ነገር ካለ ንገሩኝ» ብለው ተገዳድረዋል። በመሃል «እኛ ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበብን ሰዎች» የምትል ሐረግም ጣል አድርገዋል።

እኔም አንብቤዋለሁ። ከማንበቤም በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ አድምጬዋለሁ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ታለቅስ ነበር፤ ስንጠይቃት በሽንኩርቱ ታሳብባለች። ይህን የምለው መቃብሩን እኔም እንደማውቀው ጸሐፊው እንዲያውቁልኝ ነው።

እነዚህን መጻሕፍት እንዴት እንደጀመርኩ ልናገር፤ ከሸሹት አንዷ እኔ ነኝና። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ረዳትነት ነው። ከዓመታት በፊት ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው የኖረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው ወደ እኛ የመጡት። ፎቶግራፉ ከአልጋቸው ራስጌ ነበር፤ ሁለቱም ጃኬት ለብሰው፣ ከኋላቸው ሐይቅ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ማንበብ አቃታቸው፤ እንቅልፍም ራቃቸው። «የሌሊት ዕረፍትሽን ለኔ ስጪኝ፣ አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩ። የእንግሊዝኛ አነጋገሬን እያረሙ ያዳምጡኝ ነበር፤ መምህርነት ጡረታ አይወጣም። ታዲያ አዲስ መጽሐፍ በከፈትኩ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ይኸው ነበር፦ «ሰው ይሞታል?»

መጀመሪያ ላይ የዕድሜ ፍርሃት መስሎኝ ነበር። በኋላ ነገሩኝ። በወጣትነታቸው መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ከሚሽከረከረው የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ እንደ እርሳቸው ስላሉ ሰዎች የተጻፈ ርካሽ መጽሐፍ ሲያነሡ፣ እዚያው እንደ ቆሙ መጀመሪያ የሚገልጡት የመጨረሻውን ገጽ ነበር። ከሁለቱ አንዱ እንደሚሞት ወይም እንደሚያብድ ያውቃሉ፤ ማወቅ የፈለጉት የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ሦስተኛ ያደረጉትን ክስ እኔ አንደኛ አደርገዋለሁ። «የሚያሳዝነው እውነት ነው፣ የሚያስደስተው ውሸት ነው» ይላሉ። ያ ሐዘን ከየት መጣ ብለው ግን አልጠየቁም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1952 ማሪጄን ሚከር የተባለች ወጣት አሜሪካዊት በብዕር ስም ስለ ሁለት ሴት ተማሪዎች ፍቅር አንድ ልብ ወለድ አሳተመች። አሳታሚው ድርጅት ውስጥ የነበረው አርታኢ መጽሐፉን ወዶታል፤ አንድ ነገር ግን አስጠነቀቃት፤ መጨረሻው ደስ የሚል መሆን አይችልም። ምክንያቱ የሥነ ጽሑፍ አልነበረም። መጻሕፍቱ የሚጓዙት በፖስታ ነው፤ የፖስታ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ እንዲህ ያለውን ፍቅር የሚያስመኝ ሆኖ ያገኙትን መጽሐፍ ሊይዙት ይችላሉ። ስለዚህ ከሁለቱ ልጆች አንደኛዋ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች፤ ሌላይቱ ቀድሞውንም እንዳልወደደቻት ተገለጠላት። ያ መጽሐፍ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እንግዲህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ያነበበው መደምደሚያ በደራሲዋ ልብና በፖስታ ቤት መካከል የተደረገ ስምምነት ነበር ማለት ነው።

ፍርሃቱ ባዶ አልነበረም። በሎስ አንጀለስ «ዋን» የተባለች የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መጽሔት ነበረች። የጥቅምት 1954 እትሟን ፖስታ ቤቱ ጸያፍ ነው ብሎ አላደርስም አለ። መጽሔቷ ከሰሰች። በይግባኝ ደረጃ ዳኞቹ ጸያፍ ብለው ካነሧቸው ነገሮች አንዱ አንዲት አጭር ልብ ወለድ ናት። በውስጧ ምን አለ? አንዲት ወጣት ሊያገባት የሚፈልገውን ወንድ ትታ ከምትወዳት ሴት ጋር ለመኖር ትወስናለች። በቃ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1958 የቃል ክርክር እንኳ ሳይሰማ በአጭር ውሳኔ ለመጽሔቷ ፈረደላት፤ እስከዚያ ድረስ ግን ሁለት ሴቶች በሰላም አብረው መኖራቸው ራሱ ጸያፍነት ነበር። ልጅቷ ራሷን ብትገድል ኖሮ ነገሩ ትምህርት ሰጪ ይባል ነበር።

እንግሊዝ አገር ሄደን ፎርስተርን እንይ። ኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1913 ጀምሮ በ1914 ጨረሰው። ታሪኩ የአንድ የአክሲዮን ደላላና የአንድ የጫካ ጠባቂ ፍቅር ነው፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ አይለያዩም። ፎርስተር ጽሑፉን ለሚያምናቸው ወዳጆቹ እያስነበበ በመሳቢያ አስቀመጠው። በ1960 በጻፈው ማስታወሻ ላይ ደስ የሚል መጨረሻ የግድ እንደነበረ፣ ያለዚያ ልጻፈው ብሎም እንደማይደክም ገለጸ። ከዚያም መጽሐፉን ለማሳተም ያስቸገረው ይኸው ደስታው መሆኑን ጠቆመ፤ በገመድ በተንጠለጠለ ወጣት ቢያልቅ ኖሮ ችግር ባልነበረው ነበር። የእንግሊዝ ሕግ በ1967 ተሻሻለ፤ ፎርስተር በ1970 ሞተ፤ መጽሐፉ በ1971 ታተመ። ጽሑፉ ላይ በእጁ የጻፈው ተገኝቷል፦ «ሊታተም ይችላል። ግን ይገባዋልን?» ሃምሳ ሰባት ዓመት መሳቢያ ውስጥ የቆየው ማሩ ነው እንጂ ሬቱ አይደለም። ሬቱ በየመድኃኒት መሸጫው ይሸጥ ነበር።

መከራ አልነበረም አላልኩም። የጄምስ ባልድዊን «የጆቫኒ ክፍል» በ1956 የወጣ፣ በሞት ቅጣት ጥላ ሥር የሚያልቅ ድንቅ መጽሐፍ ነው፤ ማንም እንዲያነብበው እመክራለሁ፤ ለመምህሬ ግን አላነበብኩላቸውም፤ አንብበውታል፤ ከማነበው በላይ ኖረውታል። ጸሐፊው የሚሉት «መከራውን አትደብቁ» ከሆነ ማን ደበቀ? ስለ መከራው የተጻፈው መደርደሪያ ሞልቷል። ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በ1952 ስለ ሁለት ሴቶች በብዕር ስም ባሳተመችው «የጨው ዋጋ» ውስጥ ፍቅረኞቹን ሳትገድል፣ ተስፋ ሰጥታቸው ስለደመደመች፣ የአንባቢ ደብዳቤ በእሽግ በእሽግ ይደርሳት ነበር። የራሷን ስም መጽሐፉ ላይ ያኖረችው ከ38 ዓመት በኋላ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የጠማው ሰው ነው።

አሁን ወደ ፍቅር እስከ መቃብር ልመለስ፣ ጸሐፊው እንደ ጋሻ ስለያዙት። በ1958 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው ያ መጽሐፍ በመቃብር ማለቁ የሐዲስ ዓለማየሁ ምርጫ ነው። ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን እስከ መቃብር ያደረሳቸው የትውልድና የማዕረግ ሥርዓት ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ሊያሳዩን ፈልገው፣ በሙሉ ነጻነት የቆፈሩት መቃብር ነው። አሁን ሌላ ነገር እናስብ። ፖስታ ቤቱ «የፊታውራሪ ልጅና የድኻ ልጅ ተጋብተው በሰላም ሲኖሩ የሚያሳይ መጽሐፍ አላደርስም» የሚል ትእዛዝ ያወጣ ቢሆን፣ ከሐዲስ በኋላም የመጣ ደራሲ ሁሉ በግድ ፍቅረኞቹን እየቀበረ ሃምሳ ዓመት ቢጻፍ፣ ያን ጊዜ ሰብለና በዛብህን አጋብቶ ዶሮ የሚያረባ ቤት የሚሰጣቸውን የመጀመሪያ ደራሲ «ስኳር ቀባህ» እንለው ነበር? እኔ ከመጽሐፍ ቤቱ በር ላይ አድሬ እገዛው ነበር። ደግሞም ለማስታወስ ያህል፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው «ጦቢያ»፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጅ ታሪክ ነው፤ የሚያልቀውም በሠርግ ነው። ከመቃብሩ በፊት ሠርጉ ነበረን።

ግጭት የላቸውም ስለተባለው። ጸሐፊው «ግጭት» ሲሉ የሚታያቸው የበር መሰበር ይመስለኛል። በፍቅር ልብ ወለድ አንባቢዎች ዘንድ «የሦስተኛው ክፍል መለያየት» የሚባል የታወቀ ነገር አለ። መጽሐፉ ሦስት አራተኛው ላይ ሲደርስ ፍቅረኞቹ ይጣላሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስልክ የሚፈታ አለመግባባት ነው፤ አንደኛው ሌላውን ከማያውቀው ሰው ጋር ሲተቃቀፍ ያያል፣ ሰውየው ወንድሙ ሆኖ ይገኛል፤ እስኪገኝ ድረስ ግን ሠላሳ ገጽ እናለቅሳለን። ለስላሳ የሚባሉትን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዱላ ከእጃቸው ጥለዋል። ያለ ዱላ አንባቢን ሦስት መቶ ገጽ ማስከተል ቀላል የሚመስለው ይሞክረው።

ዱላው ሲጣል ምን ይቀራል? የአሊስ ኦስማንን «ሃርትስቶፐር» ልጥቀስ፤ በ2016 በኢንተርኔት በነጻ የተጀመረ በሥዕል የተተረከ ታሪክ ነው፤ በ2022 ኔትፍሊክስ ተከታታይ ድራማ አድርጎታል። ሁለት የእንግሊዝ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይመደባሉ። አንዱ «ሃይ» ይላል፣ ሌላው «ሃይ» ይላል። ይህች ቃል እየደጋገመች ትመጣለች። መጀመሪያ ስትባል እንደማንኛውም ሰላምታ ናት። ቆይቶ ግን አንደኛው በር ላይ ቆሞ «ሃይ» ሲል፣ ሌላው ከመመለሱ በፊት ባለችው ባዶ ቦታ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፤ ፍርሃቱ፣ ናፍቆቱ፣ የትናንቱ መሳሳም፣ «ተጸጽቶ ይሆን?» የሚለው። ራግቢ ተጫዋቹ ልጅ ብቻውን ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ራሱ የሚጽፈው ጥያቄም አለ። በር አይሰበርም፣ ማንም አይጮህም። ይህ ግጭት ካልሆነ እኔ ግጭት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከራስ ጋር ከሚደረገው የበለጠ ግጭትስ የት አለ?

ይኸው ሥራ መከራን አይደብቅም ብል ጸሐፊው ይገረሙ ይሆናል። በኋለኞቹ ቅጾች ቻርሊ የተባለው ልጅ ምግብ መብላት እያቃተው ሕክምና ይገባል። ራግቢ ተጫዋቹ ኒክ ደግሞ ፍቅሩ ፍቅረኛውን እንደማያድነው፣ ሐኪም የሚያስፈልገው ነገር እንዳለ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ይረዳል። በስኳር የሚቀባ ሰው «ፍቅር ሁሉን ይፈውሳል» ብሎ ይዘጋው ነበር። እዚህ ግን ልጁ ታሞ፣ ታክሞ፣ ወዳጁ ሳይሸሽ ይቆየዋል። ለስላሳ የምንለው ይህን ነው፤ ሕመም አለ፣ መተው ግን የለም።

መጨረሻው ይታወቃል ስለሚለው ክስ ብዙ አልቆይም። አዎን፣ ይታወቃል። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር የዘርፉን ትርጉም ሲያስቀምጥ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ ፍቅሩ የታሪኩ ማዕከል እንዲሆንና መጨረሻው ልብ የሚያረካ፣ ተስፋ ያለው እንዲሆን። አንባቢዎቹ እንዲያውም «ለዘላለም በደስታ» እና «ለጊዜው በደስታ» ብለው ይለዩታል፤ ሃያ ዓመት የሆናቸው ልጆች ሲሆኑ ሁለተኛው ይበቃል ይላሉ፣ ልክ ናቸው። ውል ነው። ሠርግ ቤት ሄዶ «ሙሽራዋ እንደምትመጣ አውቄ ነበር» ብሎ ያኮረፈ ሰው አላየሁም። ልጆች ሆነን ስንሰማቸው የነበሩት ተረቶችስ? አያቴ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ እንደምትጨርስ እናውቃለን፤ ጅቡ እንደሚሞኝም እናውቃለን፤ ደግመሽ ንገሪን እንላለን።

ይልቅ የማወቁን ጥቅም ያየሁት ከመምህሬ አጠገብ ነው። «ሰው ይሞታል?» ሲሉኝ «አይሞትም» ካልኳቸው ትራሳቸውን ያስተካክሉና «እንግዲያው ቀስ ብለሽ አንብቢ» ይሉኛል። ለሚያሰጋቸው መጽሐፍ ግን ጆሯቸው የሚሮጠው ወደ ፊት ነበር፤ ገበታው ላይ የቀረበው ምን እንደሆነ፣ ሰዎቹ ምን እንደተባባሉ አይሰሙም። ከሥጋቱ ሲያርፉ ግን «ምን አለው? ድገሚው እስቲ» እያሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ሩብ ሰዓት ያቆሙኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጠንቃቃ አድማጭ አላጋጠመኝም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል አንድ ነገር ልጨምር። የደስታ መጨረሻ መፈለግ መብት ነው፤ ከሌላ ሰው መጽሐፍ ላይ መንጠቅ ግን መብት አይደለም። አኒ ፕሩ በ1997 ባሳተመችው፣ በኋላ ፊልም በሆነው የሁለት ከብት ጠባቂዎች አጭር ልብ ወለድ ምክንያት፣ ሰዎች መጨረሻውን እያስተካከሉ እየጻፉ ይልኩላት ነበር፤ ተማርራ ባልጻፍኩት ኖሮ እስከ ማለት ደርሳለች። በዚህ ከፕሩ ጋር ነኝ። ሐዘኗ የራሷ ነው። ደስታ የሚፈልግ የራሱን ይጻፍ፤ ጽፈዋልም።

ሴቶች ናቸው የሚጽፉት ስለተባለው በአጭሩ። ፎርስተር ሴት አልነበረም። ከአሁኖቹ መካከል ቲ. ጄ. ክሉን ወንድ የሚወድ ወንድ ነው፤ አይደብቅም። ሜሪ ሬኖልት ሴት ናት፤ በ1953 «ሠረገላ ነጂው» የተባለውን የወታደር ሆስፒታል የፍቅር ታሪክ ስትጽፍ ከምትወዳት ሴት ጋር ደቡብ አፍሪካ ትኖር ነበር። ቤኪ አልበርታሊ በ2015 ስለ አንድ ወንድ ተማሪ ፍቅር ጻፈች፤ በ2018 ፊልም ሆነ፤ «አንቺ ምን አገባሽ» የሚለው ውግዘት ሲበረታባት በ2020 ወንድም ሴትም እንደምትወድ በአደባባይ ለመናገር ተገደደች። በመጋረጃ ቀዳዳ የተመለከተው ማን እንደሆነ እንግዲህ ያስቡበት። ደራሲ የራሱን ጾታ ብቻ ይጻፍ ከተባለ ደግሞ ሰብለ ወንጌልን ማን ሊጽፋት ነው? በዚህ ዘርፍ ወንዶቹን እንደ አሻንጉሊት የሚያለብሱና የሚያወልቁ ጸሐፊዎች መኖራቸውን አልክድም፤ አሥር ገጽ ላይ ዘግቼ መልሻለሁ፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያበድራል እንጂ አያስከፍልም።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ቢያነሡት ግን ዝም የሚያሰኘኝ ክስ አለ። በጣም የምወደው የክሉን «በሰማያዊው ባሕር ላይ ያለው ቤት» በ2020 የወጣ ጊዜ፣ ደራሲው መነሻው ካናዳ ውስጥ የአገሬው ተወላጅ ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ ለሌላ ቤተሰብ የተሰጡበት ታሪክ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ከዚያ ታሪክ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ተረት መሥራት ይገባል ወይ ብለው የጠየቁ ሰዎች ተነሡ። ልክ ናቸው። ማሩ ከማን ቀፎ እንደተቆረጠ መጠየቅ ተገቢ ነው። መጽሐፉን ግን አልጣልኩትም፤ ሁለቱንም ነገር ይዤ ነው የማነበው፤ አይመችም።

ሽሽት። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ከአሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት ዘመን የተወሰደ አንድ ትልቅ የፍቅር ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰ፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብለን ያነበብነው እርሱ ነው። ያ መጽሐፍ ለስላሳ አይደለም፤ በመለያየት ነው የሚያልቀው፤ እርሱን አላወዳድርም። የምጠይቀው ሌላ ነው። እዚያ ቦታ ሆኖ ስለ ሌላ አገር ሴት ልብ መጻፍ ሽሽት ነበር? ማንም ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንደዚያ አይልም፤ እኔም አልልም። የኔን ሌሊት ከማዕከላዊ ጋር አላነጻጽርም። ግን ሰው በምን ሰዓት፣ በምን ቦታ ሆኖ ምን እንደሚያነብ ሳይጠይቁ «ሸሸ» ማለት ያስነውራል። የኔ ሽሽት ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ የአራት ሰዎችን አንሶላ እቀይራለሁ። ኖቬላ የምወደውም ለዚሁ ነው፤ በሦስት ሌሊት ያልቃል።

«እኛ» ስላሉትም። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሞልቷል። እነዚህ መጻሕፍት ቡና ላይ የማነሣቸው አይደሉም፤ ለምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ግን «እኛ» ውስጥ እኔም አለሁ፤ ሳይጠሩኝም ቢሆን።

ቀረ ግድድሩ፤ ከአእምሯችሁ ያልጠፋ አንድ ነገር ንገሩኝ ያሉት። ከዚሁ ከክሉን መጽሐፍ ልንገራቸው። ላይነስ የተባለ አርባ ዓመት የሆነው የመንግሥት ሠራተኛ አለ፤ የልጆች ማሳደጊያዎችን እየመረመረ ሪፖርት ይጽፋል። የሚኖርበት ከተማ ዝናብ አያባራም፤ ጃንጥላውን ይረሳል። ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ተደርድረዋል፤ የግል ዕቃ ማስቀመጥ እምብዛም አይወደድም። እርሱ ያለችው አንዲት የኮምፒውተር ማውዝ ምንጣፍ ናት፤ ቀለሟ የደበዘዘ የባሕር ዳርቻ ሥዕል አለባት፤ ከሥዕሉ ጋር «እዚህ ብትሆን አትመኝም?» የሚል ጽሑፍ አለ። በኋላ አንድ ደሴት ላይ ስድስት ልጆችና አርተር የተባለ አንድ ሰው ወደሚኖሩበት ቤት ለአንድ ወር ይላካል። በየሳምንቱ ሪፖርት ይልካል። የመጀመሪያው ሪፖርት ደረቅ የቢሮ ቋንቋ ነው። እየቆየ ግን በዚያው ደረቅ ቋንቋ መካከል ስለ አርተር የማይመለከተው ነገር ሾልኮ ይገባል፤ ሰውየው ራሱ ገና ያልሰማውን ነገር ሪፖርቱ ቀድሞት ይናገራል።

መምህሬ ያን የማውዝ ምንጣፍ የያዘውን ገጽ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በሦስተኛው መሃል ላይ ከክፍል ዘጠኝ ደወል ተደወለ፤ መጽሐፉን ገልብጬ ብርድ ልብሳቸው ላይ ትቼው ሄድኩ።